ወታደሩ ለማስታወሻ ያነሣው ፎቶግራፍ

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ተጫውተን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከደብዳቤ ጋራ በአንድ ፖስታ ታሽጎ ባሕር ስለ ተሻገረ ሌላ ነገር ላጫውታችሁ አስቤአለሁ፤ ይኸውም በአምስቱ የጠላት ዘመን የኢጣልያ ወታደሮች በአዲስ አበባ ከተማ እየተዘዋወሩ ለግል ማስታወሻቸው ያነሡት ፎቶግራፍ ነው። (የአገራችንን ዓመት በራሳችን አቆጣጠር፥ የውጭውን በፈረንጆቹ እንደምጽፍ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።)

እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ያላየ ከመካከላችሁ አይገኝም። የካቲት 12 ቀን በደረሰ ቍጥር በጋዜጣም፥ በቴሌቪዥንም፥ በየሰዉ ስልክም ይታያል። ዋናው ግን ከመዳፍ የማይበልጥ፥ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ያለው ትንሽ ወረቀት ነው። አንዳንድ ጊዜም በጀርባው ላይ የቦታ ስምና ቀን ተጽፎበት ይገኛል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሁልጊዜ ፊቱ ብቻ ነው፤ ስለ ጀርባው በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያ ዘመን በአገራችን ሁለት ዓይነት ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። አንደኛው የመንግሥት ነው። ሉቼ የሚባለው፥ በ1924 የተቋቋመው የኢጣልያ መንግሥት የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት፥ ጦርነቱ በተጀመረበት በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ክፍል አቁሞ ባለሙያዎቹን ከጦሩ ጋራ ላከ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ሙሶሊኒ ዓለም እንዲያይለት የሚፈልገውን ማሳየት ነበር፤ አዲስ መንገድ፥ አዲስ ድልድይ፥ መርፌ የሚወጋ ሐኪም፥ እጅ የሚነሣ ባላባት። ይኸ ፎቶግራፍ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ መንገዱም ተሠርቷል፥ ባላባቱም እጅ ነሥቷል። ነገር ግን ምን እንደሚነሣና ምን እንደማይነሣ የሚቈርጠው አለቃ ነው። ሁለተኛው ዓይነት እንዲህ ያለ አለቃ የለውም። ተራው ወታደር፥ የመኪና ነጂው፥ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ፥ መንገድ ሠሪው በራሱ ካሜራ ልቡ የወደደውን ያነሣ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ወራሪው ልብ በይበልጥ የሚነግረን ይኸ ሁለተኛው ነው።

ስለ መሣሪያውም ጥቂት ልበል። በዚያን ጊዜ በአንድ ፊልም 36 ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሌይካ ውድ ስለ ነበር፥ ብዙው ሰው የሚይዘው ሳጥን የመሰለውን ወይም እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋውን ካሜራ ነበር። በእንዲህ ያለው ካሜራ አንድ ጥቅል ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 8 ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እኛ በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ በስልካችን 80 ፎቶግራፍ አንሥተን 79ኙን ዳግመኛ የማናይ ሰዎች ይኸን ማሰብ ይቸግረናል። ወታደሩ ግን ስምንት ብቻ እንዳለው እያወቀ መምረጥ ነበረበት። ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ፥ ጓደኞቹን አሰልፎ፥ «አትንቀሳቀሱ» ብሎ ያነሣል። ስለዚህ እነዚህን ፎቶግራፎች ስትመለከቱ፥ እያንዳንዱ ከስምንቱ አንዱ እንዲሆንለት ሰውዬው የመረጠው መሆኑን አትርሱ።

ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከተማዪቱ በዝርፊያና በቃጠሎ ተጐድታ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ከሄዱ ወዲህ ሥርዐት ፈርሶ ነበርና። ከመጀመሪያዎቹ የወታደር ፎቶግራፎች መካከል ይኸን የተቃጠለ የአራዳ ሱቅ የሚያሳዩ አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ወታደሩ እንደ ማንኛውም አገር ጐብኚ ያደርገዋል፤ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን፥ የባቡር ጣቢያውን፥ ጥላ የያዙ ካህናትን፥ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶችን፥ ገበያውን ያነሣል። ይኸው ገበያ በኢጣልያኖች ትእዛዝ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ በቋንቋቸው «የአገሬው ተወላጅ ገበያ» ሲባል፥ እኛ ከሐረጉ አንዲቱን ቃል አስቀርተን መርካቶ አልነው። ካዛንችስም ፖፖላሬም እንዲሁ ጠላት ለራሱ ሰዎች ካሠራቸው ቤቶች ስም የመጡ ናቸው። የከተማዪቱ አፍ ከወራሪው የማረከውን ቃል የራሱ አድርጎታል፤ ፎቶግራፉን ግን ገና የራሳችን አላደረግነውም። አሁንም የምናየው እርሱ ባነሣበት ዐይን ነው።

አርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣልያው ልዑል መወለድ ምክንያት ሆኖ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲያድል፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ ጣሉበት። ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ ድረስ የሆነውን ከትምህርት ቤት ጀምራችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን ማን እንደ ገደለ ነው። የፋሺስት ፓርቲ የአዲስ አበባ ኃላፊ ጊዶ ኮርቴሴ ያሻችሁን አድርጉ የሚል ፈቃድ በሰጠ ጊዜ የወጣው መደበኛው ወታደር ብቻ አልነበረም። ጥቁር ሸሚዝ ለባሹም፥ የጭነት መኪና ነጂውም፥ ሲቪል ሠራተኛውም ዱላና የብረት ዘንግ፥ ጩቤና ቤንዚን ይዞ ወጣ። ቺሮ ፖጃሊ የተባለ የኢጣልያ ጋዜጠኛ በምስጢር ይዞት በነበረውና በ1971 በታተመው የቀን ማስታወሻው ይኸን ይመሰክራል፤ የኛው ደራሲ ተመስገን ገብሬም የደረሰበትንና ያየውን በሕይወት ታሪኩ ጽፎልናል። የሞቱትን ሰዎች የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ናቸው ብሏል፤ ስለ ጭፍጨፋው በ2017 ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ያደርሳቸዋል። ቤንዚን ከያዙት ሰዎች ወገን ካሜራ የያዙም ነበሩ።

ያነሡትም የተቃጠለ የሣር ቤት፥ በመንገድ ዳር የተጋደመ ሬሳ፥ ከሬሳው አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። በአምስቱ ዓመት ውስጥ በሌሎችም ቦታዎች የተነሡ የመስቀያ እንጨቶች፥ የተቈረጠ የአርበኛ ራስ ይዘው የቆሙ ወታደሮች አሉ።

ከተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ አይቶ «መምህር፥ ይኸ ሰው ለምን ይሥቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰውዬው ጨካኝ ስለ ሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ መልሱ ግን በዚህ አያበቃም። ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ የሚሥቀው ለሚያየው ሰው ነው። ያ ወታደር የሚያየው ጓደኛውን ነው፤ ከጓደኛውም ጀርባ በአገሩ የሚጠብቁትን ወንድሞቹን፥ እጮኛውን፥ የመንደሩን ሰዎች ነው። እኛ አንድ ቀን እናየዋለን ብሎ በሕልሙም አላሰበ። ፊቱ ላይ የምናነበውም የራሱ ሰዎች እንደማይወቅሱት ማመኑን ነው። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የወጋው እንዳይረሳ ብሎ በአልበም ለጥፎ አስቀምጧል። የጠፋው የተወጋው ሰው ስም ነው።

ፊልሙም በራሱ አይታጠብም። ወደ ፎቶግራፍ ቤት ይሄዳል፤ አጣቢው ያየዋል፤ ጓደኞቹ «ለኔም አንድ አሳትምልኝ» ይላሉ። አንዱ ፎቶግራፍ በብዙ ሰዎች አልበም ውስጥ የሚገኘው ስለዚህ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር መጠንቀቅ አለብን፤ በአልበሙ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ ባለ አልበሙ ራሱ አንሥቶታል፥ ወይም በቦታው ነበረ ማለት አይቻልም። ቅጂውን ከጓደኛው ገዝቶት ወይም ተለዋውጦት ሊሆን ይችላል። (ለዚያ የሚለዋወጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ግን ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።)

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ከእነዚህ ፎቶግራፎች ብዙው በኢትዮጵያ እጅ ወደቀ። መንግሥታችንም ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳተማቸው፤ ለመጽሐፉም በፈረንሳይኛ የሰጠው ስም «የፋሺስት ኢጣልያ ሥልጣኔ በኢትዮጵያ» የሚል ነበር። ሽሙጡ ይጣፍጣል። ብዙ ሐተታ አልጨመረበትም፤ ፎቶግራፉ ራሱ ይናገር ብሎ ተወው። ቀጥሎም የቴሌግራም ትእዛዞችና የምስክሮች ቃል ተሰብስበው ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ቀረቡ። ኢትዮጵያ በ1948 የ10 ኢጣልያኖችን ስም ለኮሚሽኑ አቀረበች፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒም ከነዚያ መካከል ነበሩ። ከአሥሩ አንድም ሰው በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠራው ሥራ ለፍርድ አልቀረበም። ግራዚያኒ በ1950 በአገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ ስለ ተባበረ ነው፤ 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ። በ2012ም አፊሌ በምትባለው ከተማ መታሰቢያ ሐውልት ቆመለት። ፍርድ ቤት ያላየው ማስረጃ ለማን ይቀርባል ብትሉ፥ ለእኛ ነው የሚቀርበው፤ ስለዚህ እንደ ዳኛ መመልከት ይገባናል።

ከሁሉ ይልቅ ዐይኔን የሚያስጨንቀው የሬሳው ፎቶግራፍ አይደለም። የሴቶቹ ነው። ወታደሩ ከአገሩ ሳይነሣ ገና ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ልጆች የሚዘፈን ዘፈን ሰምቶ፥ እርቃናቸውን የቆሙ ሴቶች የሚታዩበት ፖስትካርድ አይቶ ነበር። መጥቶም ያንኑ ያየውን ፖስትካርድ ራሱ ሊያነሣ ፈለገ። ሴትዮዋን ግድግዳ አስደግፎ ያቆማታል፤ ነጠላዋን ያስወልቃታል። በሚያዝያ 1937 ደግሞ የሮማ መንግሥት ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስፈርድ ሕግ አወጣ። በሕግ የተከለከለችው ሴት በኪስ ውስጥ ግን ተፈቅዳ ኖረች። በእንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ውስጥ ሴትዮዋ ብዙውን ጊዜ ካሜራውን አታይም፤ ፊቷን ታዞራለች፥ ወይም እጇን ወደ ደረቷ ታደርጋለች። አንዳንዷ ግን ቀጥ ብላ ታያለች፥ አትሥቅም። እኔ እንደ ሐሳቤ እንዲህ ያለው ሥዕል በጋዜጣም ሆነ በመጽሐፍ ዳግመኛ መታተም የለበትም። የተሰቀለው አርበኛ ሥዕል ሲታተም የገዳዩን ነውር ያጋልጣል፤ የሴትዮዋ ሲታተም ግን ወታደሩ የጀመረውን ሥራ እኛ እንጨርስለታለን። ፊቷ ብቻ ይታተም የሚል ሰው ቢመጣ እሰማዋለሁ።

ይኸ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። ከእኛ አራት ዓመት ያህል በኋላ፥ ጀርመኖች በያዟት በዋርሶ ከተማ፥ ከ400,000 የሚበልጡ አይሁድ በግንብ ታጥረው በረኀብና በበሽታ ያልቁ ነበር። ሃይንስ ዮስት የሚባል የጀርመን ጦር ሳጅን፥ በሰላሙ ጊዜ ሆቴል ያዥ የነበረ፥ መስከረም 19 ቀን 1941 ልደቱ ስለ ነበረ የዕረፍት ቀኑን ካሜራውን ይዞ በግንቡ ውስጥ ሲዞር ዋለ። ከ100 በላይ ፎቶግራፍ አነሣ፤ በመንገድ ላይ የወደቁ ሕፃናት፥ የክንድ መለያቸውን የሚሸጥ ነጋዴ፥ ሬሳ የተጫነበት ጋሪ፥ የጅምላ መቃብር። ከዚያም ለማንም ሳያሳይ ወደ 40 ዓመት ገደማ ደብቆ ይዞት ኖረ፤ በስተርጅናው ለአንድ ጋዜጠኛ ሰጠው። ይኸ ሰው ከኛው ወታደር ጋራ አንድ አይደለም፤ አንዱ አሳየ፥ ሌላው ደበቀ። ነገር ግን በፎቶግራፉ ውስጥ ላለው ሕፃን ልዩነቱ ምን ይጠቅመዋል? ሰውዬው ቢያፍርም ባያፍርም ልጁ በእግረኛው መንገድ ላይ ወድቋል፥ ስሙንም የጠየቀው የለም።

ከዚያው ከጀርመን አገር ሌላ ትምህርት አለ፤ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመንም ይኸኛው ነው። የሃምቡርግ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም በ1995 የጀርመን ጦር ስለ ሠራው ወንጀል አንድ ኤግዚቢሽን ከፈተ። ከ1,400 የሚበልጥ ፎቶግራፍ ነበረው፤ ብዙውም ወታደሮች ራሳቸው ያነሡት። ጦራችን ንጹሕ ነው ሲሉ የኖሩ ሰዎች ተቈጡ። በ1999 ግን ቦግዳን ሙሲያል የሚባል የታሪክ ተመራማሪ መጣና ከፎቶግራፎቹ በአንዳንዶቹ የሚታየው ሬሳ ጀርመኖች የገደሉት ሳይሆን፥ ከእነርሱ በፊት የሶቭየት ምስጢራዊ ፖሊስ የገደለው መሆኑን አሳየ። ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ። የተቋቋመው መርማሪ ጉባኤ ቢመረምር የተሳሳቱት ፎቶግራፎች ከ20 ያንሱ ነበር፤ የኤግዚቢሽኑም ዋና ሐሳብ እውነት መሆኑን አረጋገጠ፥ በ2001ም ታርሞ እንደ ገና ተከፈተ። ነገር ግን በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ሊክድ የፈለገ ሁሉ «ይኸው፥ ሁሉም ውሸት ነው» ለማለት በር አግኝቶ ነበር። ከ1,400 ውስጥ ከ20 ያነሱት ይኸን ያህል አደረጉ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስና የተቃጠለውን ቤት እንደ ገና እንየው። ቀደም ብዬ እንደ ነገርኋችሁ ከተማዪቱ ሁለት ጊዜ ተቃጥላለች፤ በሚያዝያ 1928 በዝርፊያ፥ በየካቲት 1929 በጭፍጨፋ። የመጀመሪያውን ቃጠሎ ፎቶግራፍ ኢጣልያ «ሥርዐት ላስከብር የመጣሁት ለዚህ ነው» ለማለት ተጠቅሞበታል። እኛ ደግሞ ሳናጣራ ያንኑ ፎቶግራፍ የካቲት 12 ብለን ብናሰራጨው፥ ለሚክደው ሰው መከራከሪያውን በገዛ እጃችን እናቀብለዋለን። ስለዚህ የተቃጠለው ምን ዓይነት ቤት ነው? በአራዳ ያለ ቆርቆሮ ክዳን የድንጋይ ሱቅ ነው ወይስ የድሀ ሣር ቤት? አጠገቡ የቆመው ሰው ማን ነው? የኢጣልያ ወታደር በሥዕሉ ውስጥ ቆሞ ከሆነ ቢያንስ ከሚያዝያ 27 ወዲህ መነሣቱን እናውቃለን፤ ጭሱ ገና ይወጣል ወይስ አመዱ በርዷል?

ከተማዋን የሚያውቅ ሰው በዚህ ሥራ ከፈረንጅ ተመራማሪ የማያንስ ዕውቀት አለው። የእንጦጦ ጋራ በየት በኩል እንደሚታይ፥ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ጊዮርጊስ ከየት ቆሞ ሲነሣ እንደዚያ እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ያለውን ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ የስድስት ኪሎ ተማሪ ሁሉ በየቀኑ ያልፈዋል። ፋሺስቶች ለእያንዳንዱ የአገዛዛቸው ዓመት አንድ አንድ ደረጃ እየጨመሩ የሠሩት ነው፤ ከላዩ የተቀመጠው አንበሳ ከነጻነት በኋላ የተጨመረ ነው። እንግዲህ ደረጃው የሌለበትን፥ ደረጃው ያለበትንና አንበሳው ያለበትን ፎቶግራፍ በየዘመኑ ለመለየት ዐይን ብቻ ይበቃል።

ይኸን ሥራ የጀመሩም አሉ። ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ በ2019 ያሳተመችውና በ2020 ለቡከር ሽልማት ከታጩት የመጨረሻ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ልብ ወለዷ፥ ከዋና ባሕርያቱ አንዱ ካሜራ የያዘ የኢጣልያ ወታደር ነው። መጽሐፉን ስትጽፍ በኢጣልያ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች እየዞረች የወታደሮችን ፎቶግራፍ ስትገዛ ቆየች፤ በኋላም ፕሮጀክት 3541 ብላ ሰይማ፥ ይኸውም ከ1935 እስከ 1941 ማለት ነው፥ ሰዎች የቤተ ሰባቸውን ሥዕልና ታሪክ የሚያመጡበት መዝገብ ከፈተች። የአያቱ አልበም አሁን በልጅ ልጁ እጅ ነው፤ የልጅ ልጁም ያፍርበታል፥ ወይም ምን እንደ ሆነ አያውቀውም፥ ወይም በገበያ ይሸጠዋል። የገዛው ሰው ገጹን ገነጣጥሎ አንድ አንዱን ለየብቻ የሸጠው እንደ ሆነ ደግሞ፥ ከየትኛው ፎቶግራፍ ቀጥሎ የቱ እንደ ነበረ፥ በጀርባውም ምን እንደ ተጻፈ አብሮ ይጠፋል።

ስለ ጀርባው እመለስበታለሁ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። የጠላትን አልበም ጀርባ እኛ ልንጽፈው አንችልም። በእናታችሁ ሳጥን ውስጥ፥ በአያታችሁ የጸሎት መጽሐፍ መካከል ያለውን ግን ትችላላችሁ። በዚያው በጠላት ዘመን በአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ቤት ገብተው የተነሡ፥ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ የራሳችን ሰዎች ሥዕል በብዙ ቤት አለ፤ የሚታየው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚያውቁት አክስትና አያት ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። በመጪው እሑድ አንዱን አውጡና ጠይቁ፤ ይኸ ማን ነው፥ የት ነው፥ ያነሣው ማን ነው? መልሱን ከጀርባው ላይ ጻፉ፤ በብዕር ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፥ ሳትጫኑ፥ ቀለሙ ወደ ፊቱ እንዳያልፍ። የነገራችሁን ሰው ስምና የጻፋችሁበትን ቀን ጨምሩበት። የማታውቁትን ሰው ስም በግምት አትጻፉ፤ ቦታውን ባዶ ተዉት። የጠላት ወታደር ያነሣው ሥዕል በቤታችሁ ከተገኘም አትቅደዱት፤ ቅጂውን ስድስት ኪሎ ለሚገኘው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ለወመዘክር ብትሰጡት፥ ዋናውን በቤታችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ።